ሙቅ ውሃ ለገብርኤል

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እንደ ወትሮዬ የቦይለሩን ማብሪያ ተጭኜ ተመልሼ ጋደም አልኩ። ሀዋሳ በታኅሣሥ ቀኑ ሞቅ ቢልም ንጋቱ ይቀዘቅዛል። እማዬ ደግሞ ጉልበቷን ቁርጥማት ከያዛት ወዲህ በቀዝቃዛ ውሃ አትታጠብም። የቧንቧ ውሃ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ በእኛ በአዲስ ከተማ ሰፈር ሲመለስ ብዙ ጊዜ ንጋት ላይ ነው። እስኪመለስ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ይሙቅ ብዬ ነበር ያበራሁት።

1 ሰዓት ሊሞላ ሲል ቧንቧው አየር እየተፋ መጣ። ወዲያው ከመታጠቢያ ቤት በኩል፣ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ሲረጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማኝ። ቸስስ... ብሎ ቆየና ብሬከሩ ጧ ብሎ ወረደ። ቤቱ ጨለመ።

የቦይለሩን ማብሪያ አጥፍቼ ብሬከሩን መለስኩት፣ ያዘ። ቦይለሩን ሳበራ እንደገና ወረደ። ሦስተኛ አልሞከርኩም። ደጋግመው በግድ የሚመልሱት ሰዎች አሉ፤ ጭራሽ "አነሰ" ብለው በትልቅ የሚያስቀይሩትም አሉ። ብሬከሩ ሲተልቅ ሽቦው አብሮ አይወፍርም፤ ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ይነዳል።

እማዬ አዘነች። "ምነው ልጄ፣ ታማኝ ቦይለር ነበር እኮ። የሰው ቤቱ ሲያንጠባጥብ የእኛ አንድ ቀን እንኳ ጠብ አድርጎ አያውቅም" አለች። እኔም እንደዚያው አምን ነበር።

እሑድ ገብርኤል ነው። አክስቴና ልጆቿ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። አምስት ቀን አለኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ጠዋት ለእማዬ በትልቁ ድስት ውሃ አሙቄ በሣፋ አበረድኩላት። ጎረቤታችን እትዬ ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን ጥቅልል ማሞቂያ ሊያውሱን አመጡ። አመስግኜ መለስኩላቸው፤ የወንድሜ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ውሃ ካየ እጁን ሳይከት አያልፍም።

ማታ 2 ሰዓት ላይ የፍሪጁን ስታብላይዘር አየሁት፤ ወደ ቤት የሚገባው 180 ቮልት ይላል። ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር፣ ወጥ ሲሠራ መብራቱ ይደክማል። የእኛ ቦይለር 50 ሊትር ይይዛል፣ ኃይሉ 1,500 ዋት ነው። ይህ ግን በ220 ቮልት ነው። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ኃይሉ 1,000 ዋት አካባቢ ይሆናል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃ የነበረው፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ባለፈው ክረምት "ቦይለሩ ደክሟል፣ ማታ ማታ አያሞቅም" እያልን ያማነው ለካ በዚህ ነበር። ንጋት ላይ ማብራት የጀመርኩት በልምድ እንጂ አስልቼ አልነበረም፤ ምክንያቱን ዛሬ አገኘሁት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ደርሰው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። የሆቴል ቦይለሮች ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ምንም ሳይነኩ በፊት ዋናውን ብሬከር አወረዱ፣ ከዚያም መብራቱ በእርግጥ መጥፋቱን በቴስተር አዩ። "ማመን ጥሩ ነው፤ መለካት ግን ያስተርፋል" አሉኝ።

የታችኛውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትተው ባትሪ አበሩበት። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ነይ እዪ" አሉኝ።

ቴርሞስታቱ በቦታው ተሰክቷል፣ ግን አንድም ሽቦ አልያዘም። ከግድግዳው የመጡት ሁለቱ ሽቦዎች ቴርሞስታቱን አልፈው በቀጥታ ከሬዚስታንሱ ጋር ተጠምዝዘው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። ከሁለት ዓመት በፊት "አያሞቅም" ብለን ያሳየነው ሰው በአሥር ደቂቃ የጨረሰው ሥራ ይሄ ነበር። እኛም ፈጣን ነው ብለን አመስግነን ሸኝተነዋል።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ውሃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ መብራቱን መቁረጥ ነው። ሁለተኛው፣ ያ መቁረጥ ባይሠራ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው፤ በእጅ ካልተመለሰ አይበራም። እኛ ቤት ሁለቱም አልነበሩም። ያተረፈን የእማዬ ቆጣቢነት ነው፤ "አጥፊው፣ ቆጣሪው ይሮጣል" እያለች በሰዓቱ ታስጠፋኛለች። አንድ ቀን ረስተነው ብንወጣ ኖሮስ? ክፍት ድስት ሀዋሳ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የተዘጋ ታንከር ውስጥ ግን ውሃ ግፊቱ ይዞት ከ100 በላይም ሳይፈላ ይሄዳል። መውጫ አጥቶ ታንከሩን የቀደደ ዕለት ከውሃው ከፊሉ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ በእንፋሎት ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። እማዬ ደግሞ ከሥሩ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው የምትታጠበው።

ሬዚስታንሱን አወጡት። ማጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል፣ ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ቴስተሩ 32 ኦም ገደማ ማንበብ ሲገባው ምንም አላነበበም። "በደረቁ ነው የነደደው" አሉ። "ውሃ ሳይኖረው ነው የበራው።"

"ጋሼ፣ እንዴት ይሆናል? ውሃ ቢጠፋ እንኳ ሙቁ የሚወጣው ከላይ ነው። ታንከሩ እኮ አይጎድልም።"

"ልክ ነሽ፤ መጉደል የለበትም" አሉና ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ነገሩ ግን እሳቸውንም እንደኔ ሳያሳስባቸው አልቀረም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ከሥራ በኋላ በባጃጅ ፒያሳ ወርጄ ሬዚስታንስ፣ ቴርሞስታትና ጓርኒሲዮን ገዛሁ። አሮጌውን ሬዚስታንስ ይዤ መሄዴ ጠቀመኝ፤ ዋቱ አንድ ሆኖ የክቡ ስፋትና የቡሎኖቹ ቀዳዳ የማይገጥም ሞልቷል። ሻጩ 2,000 ዋት ሊሰጠኝ ነበር፣ "ቶሎ ያሞቃል" ብሎ። የቤታችን ሽቦ የተሰላው ለዚያ አይደለም፤ እምቢ አልኩ።

ከታንከሩ የወጣውን ዝቃጭ ጋሼ በሣህን ትተውልኛል። ግማሹ ቡናማ ደለል ነው፤ ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ቧንቧው ይዞት የሚመጣው። ግማሹ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭና ተሰባሪ ነው። ከነጩ ቆንጥሬ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ አቼቶ አፈሰስኩበት። እንደ ለስላሳ እየፈላ ጠፋ። የወንድሜ ልጅ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

እማዬ ከኋላ ቆማ ታያለች። "ጥርስ የሚያበላሸው ይሄ ነው?" አለች። እሷ ያደገችው በስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ እንደ ብዙ እኩዮቿ ቡናማ ናቸው።

አይደለም እማዬ፣ አልኳት። ይሄ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ስኳር ውሃው ሲሞቅ ይበልጥ ይሟሟል፤ ይሄ ግን ተቃራኒው ነው፣ ሲሞቅ ከውሃው እየተለየ የሚያገኘው ነገር ላይ ይጋገራል። ከሁሉ የሚሞቀው ሬዚስታንሱ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ያለብሰዋል። የለበሰ ሬዚስታንስ ሙቀቱን ለውሃው መስጠት ይቸገራል፣ እንደ ጀበና ያጉረመርማል፣ በመጨረሻም ራሱን ያቃጥላል። ጥርስን የሚያጠቁረው ፍሎራይድ ነው። እሱ አይታይም፣ አይሸትም፣ በማፍላትም አይለቅም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም የቀረው ይጠናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ካልሲየም ፍሎራይድን ስለሚይዘው፣ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ብዙውን ጊዜ ፍሎራይዱ ያነሰ ነው። ድስት ነጭ የሚያለብሰውን ውሃ እናቶች ይፈሩታል፤ ጥርስ ያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ድስቱን ንጹሕ አድርጎ የሚተወው ነው።

እማዬ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። "እኛ ልጆች ሆነን ይህን የነገረን ሰው አልነበረም" አለች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ጋሼ ዛሬ በጊዜ መጡ። ታንከሩን እያጠቡ የማግኒዚየሙን ዘንግ አወጡት። አዲስ ሲሆን የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። የእኛው የሽቦ ያህል ቀጥኖ ጫፉ ላይ እንደ ተበላ አጥንት ተንጠልጥሏል። ቦይለሩ ከተሰቀለ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንድ ጊዜ ታይቶ አያውቅም።

ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። አኖድን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ማግኒዚየም ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮን ለመስጠት ይቸኩላል፤ ስለዚህ አንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1824 (እ.ኤ.አ.) የባሕር ኃይሉን መርከቦች የመዳብ ልባስ ዚንክና ብረት አስጠግቶ ከመበላት ያዳነው በዚሁ ብልሃት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ እየነገርኩ ስድስት ዓመት፣ ዘንጉ ከራሴ በላይ ግድግዳ ላይ እያለቀ ነበር። ቁራጩን በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ሰኞ 11ኛ ክፍሎች በእጃቸው ይይዙታል።

አዲሱን ዘንግና ሬዚስታንስ ገጥመው፣ ቡሎኖቹን እያፈራረቁ አጠበቁ። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ማጥበቅ ጓርኒሲዮኑን ያንጋድደዋል፣ ያፈሳል። ከዚያ እማዬን ዞር ብለው "እርስዎ፣ ይሄ ቦይለር ከታች ያንጠባጥብ ነበር?" አሏት።

"በፍጹም! አንድ ቀን እንኳ!" አለች እማዬ፣ በኩራት።

ጋሼ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ውሃ የጠፋ ዕለት፣ እሑድ፣ ምን ምን አያችሁ?"

እኔ የማስታውሰው ጠዋት ሙቁን ቧንቧ ከፍቼ ውሃ አለመኖሩን ማየቴን ነው። ሳስበው ግን አልዘጋሁትም ነበር፤ የዘጋሁት ማታ ነው። ይህን እየተናገርኩ ልጃችን ከበሩ ላይ "የግቢው ቧንቧ ግን ሙቅ ውሃ ሰጥቶኛል!" አለ። ሃይላንድ ይዞ ሲጫወት ከፍቶት፣ ውሃ በጠፋበት ቀን ለብ ያለ ውሃ ወረደለት፤ ሃይላንዱን ሞልቶ፣ ቧንቧውን እንደተከፈተ ትቶ ሄዷል። ለእማዬ ነግሯት ነበር፣ ፀሐይ ቧንቧውን አሙቆት ነው ብላ አለፈችው።

ጋሼ ቀዝቃዛው መስመር ላይ ያለውን ሴፍቲ ባልቦላ ፈትተው፣ አፋቸውን ቦይለር በሚገጥምበት ጫፍ ላይ አድርገው ነፉ። በሌላው በኩል ወጣ። ከሻንጣቸው አዲስ አውጥተው እንደዚያው ነፉ፤ ጉንጫቸው ተነፋ እንጂ ትንፋሽ አላለፈም። "አየሽ? በዚህ ውሃ ይገባል እንጂ አይመለስም። የእናንተው ይመልሳል።" በጠባብ ካቻቢቴ ውስጡን ቆፈሩ። የስንዴ ፍሬ የምታክል ነጭ ቅርፊት በላስቲኩና በመቀመጫው መካከል ተሰንቅራ ወጣች። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

ነገሩ ሁሉ እሷ ናት። ቦይለራችን ከመንገዱ መስመር በቀጥታ የተቀጠለ ነው፤ ሮቶአችን መሬት ላይ ስለሆነ አይመግበውም። መስመሩ ሲደርቅና ዝቅ ብሎ ያለው የግቢው ቧንቧ ሲከፈት፣ የታንከሩ ውሃ በገባበት ወደ ኋላ ፈሰሰ። እኔ ያልዘጋሁት ሙቅ ቧንቧ ደግሞ አየር አስገባለት። ሰኞ ንጋት ባዶ ታንከር ላይ መብራት ለቀቅኩ። የሚቆርጠው ቴርሞስታት የለም። ውሃው ሲመለስ ቀይ የሆነ ብረት ላይ ወረደበት።

አለማንጠባጠቡም ከዚያው ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ውሃ አይጨመቅምና ያ ትርፍ መውጣት አለበት። መመለሻው በትክክል ከተዘጋ ግፊቱ ይጨምርና፣ ብዙውን ጊዜ 8 ባር ላይ የሚከፈተው ሴፍቲ ባልቦላ በጎኑ ባለች ቀዳዳ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። የእኛው ትርፉን ወደ መንገዱ መስመር ሲመልስ ኖሯል። "ያቺን ቀዳዳ አፈሰሰ ብለው በእንጨት የሚወትፏት አሉ" አሉ ጋሼ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ሁሉ ተገጥሞ አልቆ ጋሼ "መሬት ሳይኖረው አላበራም" አሉ። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ባለፈው ክረምት እማዬ "ቧንቧው ይወርረኛል" ስትል ቁርጥማቱ ነው ብለን አልፈነዋል። የተሰነጠቀ ሬዚስታንስ፣ መሬት የሌለው ታንከርና እርጥብ ሰው አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግሁም፤ አሰብኩት ግን፣ ሌሊቱን ሙሉ።

ግቢው ጥግ ላይ የመዳብ ዘንግ ቀበሩ፣ ጨውና ከሰል አለበሱት፣ ከቦይለሩ ጋር አገናኙት። ከብሬከሩ ጎን 30 ሚሊ አምፔር ያህል ሲያመልጥ የሚቆርጥ ሌላ ብሬከር ጨመሩ፤ መፈተሻዋን ቁልፍ ሲጫኗት ወዲያው ወረደ። በየወሩ አንድ ጊዜ ተጫኛት አሉኝ።

ከዚያ አሞላሉን አሳዩኝ። ሙቁን ቧንቧ ከፍቶ መጠበቅ። መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ የሚያስነጥስ ውሃ፣ በመጨረሻ ሳይቆራረጥ የሚወርድ። ያኔ ብቻ ይበራል። ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር እንዲሁ።

ቴርሞስታቱን 60 ላይ አደረጉት። እማዬ ለቆጣሪው ስትል 40 ይሁን አለች። እዚህ ላይ እኔ አልተስማማሁም። ለብ ያለ ውሃ ቆሞ ሲውል ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ሲታጠቡ በሚረጨው ጠል ሳንባ ይገባል። ስሙን ያገኘው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ሆቴል ውስጥ ከተሰበሰቡ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባላት ነው፤ ታመው የሞቱም ነበሩ። 60 ዲግሪ ይገድለዋል። ያው 60 ዲግሪ ግን የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ገደማ፣ የሕፃንን ከዚያም ባነሰ ጊዜ ክፉኛ ያቃጥላል። ስለዚህ ልጁን ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈት አስተምረነዋል፤ ዛሬ አራት ጊዜ ተለማምዷል።

10 ሰዓት ላይ አበራን። ቮልቴጁ 215 ነበር። 11 ተኩል ካለፈ ትንሽ ቆይቶ ቴርሞስታቱ ቀጭ ብሎ ቆረጠ። እማዬ ከሳሎን "ምንድነው?" አለች። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ድምፅ ነው።

አክስቴና ልጆቿ 1 ሰዓት ላይ ደረሱ። እማዬ በሩ ላይ እንደ ሀዋሳ ሰው "ዳኤ ቡሹ!" ብላ ተቀበለቻቸው። ከመንገዱ አቧራ አምስቱም ተራ በተራ ታጠቡ፤ የመጨረሻው በለብታ ነው የታጠበው፣ 50 ሊትር ለአምስት ሰው ይጠባል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ከሌሊቱ ጀምሮ መንገዱ በነጠላ ነጭ ሆኖ ነበር። ከሐረር እስከ አርባ ምንጭ የመጡ መኪናዎች ከተማውን ሞልተውታል። እማዬ ንጋት 10 ሰዓት ላይ በሙቅ ውሃ ታጥባ፣ ጉልበቷን ሳታማ፣ እስከ ቅጽሩ በእግሯ ሄደች። ስንመለስ ሽሮና ክክ አልቆ ቡናው ተፈላ።

አክስቴ በልጅነቷ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ወርዳ እንደምትታጠብ አወራች። ማገዶ የለ፣ ቆጣሪ የለ፣ ከመሬት የሚፈልቅ። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወድደው እዚያው ቤት በማሠራታቸው ነው አልኳት። የምንኖርበት ምድር ከሥሩ ትኩስ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ኮርቤቲ ራሱ እሳተ ገሞራ ነው።

ወሬው ሲበርድ አክስቴ ጆሮዋን ጣል አደረገች። "ምንድነው ጠብ ጠብ የሚለው? ቦይለራችሁ ያፈሳል እኮ! አሁን አላሠራችሁትም?"

እማዬ የቡና ሲኒዋን አስቀምጣ ተነሣች፣ እህቷን በእጇ ይዛ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻት። ከሴፍቲ ባልቦላው ሥር ትናንት ያሰርኩትን ሃይላንድ አሳየቻት። "ይሄ ማፍሰስ አይደለም፤ ሲሞቅ የሚተርፈው ነው። ጠብ ባይል ነው የሚያስፈራው" አለቻት።

ማታ ሃይላንዱን ፈትቼ ለካሁት። ሦስት ሩብ ሊትር ሊሞላ ጥቂት ጣት ቀርቶታል። ደፍቼ መልሼ አሰርኩት። ታንከሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በማርከር ጻፍኩበት፦ "ዘንግ የተቀየረ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018። የሚታይ ታኅሣሥ 2019።"